ፎጣ፣ ብሩሽ እና መስታወት የገዛችው ሌባ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ በጊዮርጊስ ቀን ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን ደንበኛ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ "እስቲ አጫውተን" ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ሳወራው ሰው ስለሚስቅ ምላጩን አስቀምጬ ነው የማወራው።

ስሜ ግርማ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት እሪ በከንቱ ነው። የአራዳ ልጅ ነኝ ስል ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ "እኔን የሚሸውድ ገና አልተወለደም" እያልኩ ነው የኖርኩት። "ሎተሪ ደርሶዎታል" ብሎ የሚደውልን አጭበርባሪ ግማሽ ሰዓት አስወርቼ፣ የስልኩን ሂሳብ አስጨርሼ የምለቅ ሰው ነኝ።

ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ቤቴም ሱቄም አብረው ሄዱ። ቤቱን ከከተማው ዳር አገኘሁ። ሱቅ ግን አላገኘሁም። ከዓመት በላይ አንድ ጎረምሳ ፀጉር ቤት ውስጥ ወንበር ተከራይቼ ሠራሁ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ግን ሙዚቃውን ጣራው እስኪነቃነቅ ድረስ ይከፍተዋል። ደንበኛዬ "ከጎን አሳጥረው" ሲለኝ "ከጎን ተወው" ያለ እየመሰለኝ ስንቱን ሰው አበላሸሁት። የድሮ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ቀሩ። ማታ ማታ ከዚህ በኋላ በስሜ የሚጠራ ሱቅ አይኖረኝም እያልኩ እጨነቅ ነበር።

በመጨረሻ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተገኘች። ባለቤቱ አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ ከጎኗ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣሉ። ቀልድ የሚባል ነገር አያውቁም።

"ረቡዕ ለቅሶ አለብኝ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን ሱቅ እገባለሁ። እስከ አሥራ አንድ ቀብዱን ካመጣህ ያንተ ናት። ከዚያ ካለፈ ጫማ የሚሸጥ ልጅ እየጠበቀኝ ነው" አሉኝ።

ገንዘቡ ባንክ ነበረ፤ የምከፍለውም እሳቸው ሱቅ ባለው ማሽን በካርድ ነው። ረቡዕ ደግሞ ጊዮርጊስ ዋለ። ይሄማ የሱ ሥራ ነው አልኩ።

በዚያ ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስወጣ ደጁ ላይ እትዬ የሺን አገኘኋቸው። እትዬ የሺ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ የኛና የሳቸው ቤት ግድግዳ አንድ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ እኔን የመቆጣቱን ሥራ የተረከቡት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም እንደኔ ሩቅ ነው የደረሳቸው፤ ግን ለጊዮርጊስ በሁለት ታክሲ ይመጣሉ። ሰፈሩ ቢፈርስም የጊዮርጊስ ማኅበራችን አልፈረሰም።

"ግርሜ፣ እስቲ ከዚያ ግድግዳ ላይ ትንሽ ብር አውጣልኝ" አሉኝ። ኤቲኤሙን ግድግዳ ነው የሚሉት። ሁልጊዜም የማወጣላቸው እኔ ነኝ።

አወጣሁላቸው። እግረ መንገዴን የራሴንም ካርድ አስገብቼ ሂሳቤን አየሁ። እንደዚያ ቀን ሂሳቤን አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስለ ሱቋ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ አቶ ደምሴ፣ ስለ አሥራ አንድ ሰዓቱ ሳልተነፍስ እያወራሁላቸው ብሩንም ካርዳቸውንም ሰጠኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ተለያየን።

"እሰይ የኔ ጌታ! የቆምክበት ሁሉ ይቅናህ!" ብለው መረቁኝ።

ከዚያ ሰዓቱ እስኪደርስ ሙክታር ሱቅ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሙክታር አብሮ አደጌ ነው። አባቱ ከወሎ መጥተው የከፈቱትን የክርና የቁልፍ ሱቅ እስከ ዛሬ ይዞ አለ። ሻይ አስመጣልኝ። ስለ አዲሷ ሱቅ ማውራት ጀመርኩ፤ ወንበሩ በዚህ በኩል፣ ራዲዮኑ በዚያ በኩል እያልኩ ባንኮኒው ላይ በቁልፍ እየደረደርኩ ሳሳየው ስልኬ ጢጥ አለች።

ከባንክ ነው። ከሂሳብዎ ላይ በካርድ ግዢ ተፈጽሟል ይላል። የሱቁም ስም አለበት፤ ከሙክታር ሱቅ ዝቅ ብሎ ያለ የጨርቃ ጨርቅ ቤት ነው።

ሙክታር ከትከሻዬ በላይ አነበበው። "አንተ እዚህ ነህ" አለኝ። "እዚያ ያለኸው ማን ነህ?"

ኪሴን መታ መታ አደረግሁ። ካርዱ አለ። አወጣሁት፤ የባንኩን ቀለም አየሁና መልሼ ከተትኩት። ስሙማ በእንግሊዝኛ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል ነው የተጻፈበት። መነጽሬን ደግሞ እቤት ነው የረሳሁት።

ወደ ባንኩ ደወልኩ። ድምጿ እንደ ማር የሆነ ልጅ አነሳችው።

"ካርድዎ በእጅዎ ነው?"

"ይኸው! ይኸው እኮ!" ብዬ ካርዱን ለስልኩ አሳየሁት።

"አይታየኝም ጌታዬ" አለች በትሕትና። ቀጥላም ነገሩን አስረዳችኝ። ካርዱ እኔ ጋ ካለ ምናልባት ሌላ ሰው ቀድቶት ይሆናል፤ አቤቱታ ካስመዘገብኩ ግን ማጣራቱ እስኪያልቅ ድረስ ሂሳቤ ሙሉ በሙሉ ይታገዳል፤ ጥቂት የሥራ ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

"እስከዚያ መክፈል አልችልም?"

"አይችሉም።"

"ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትንሽ ነገር ብከፍልስ?"

"ትንሽም አይችሉም ጌታዬ።"

ስልኩን ዘጋሁት። ሂሳቡን ካሳገድኩ ሱቋ ትሄዳለች። ካላሳገድኩ ገንዘቡ ይሄዳል፤ ገንዘቡ ከሄደ ደግሞ ሱቋም ተከትላው ትሄዳለች።

"በሞባይል ወደኔ አስተላልፈው፤ እኔ እይዝልሃለሁ" አለ ሙክታር።

"የሞባይል ባንኪንግ የለኝም።"

"ለምን?"

"ሌባ ይገባበታል ብዬ።"

ሙክታር ሻዩን ወደኔ ገፋ አደረገው። "በደብተር አውጣዋ።"

"ደብተሩ ቤት ነው።" ቤቴ ደርሼ እስክመለስ ደግሞ እንኳን አሥራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይዋም አትጠብቀኝም። ኤቲኤሙም በቀን የሚሰጠው ለቀብዱ አይበቃም። አቶ ደምሴ ጋ ስደውል ስልካቸው ዝግ ነው። ለቅሶ ላይ ናቸው።

"ቆይ፣ ሚስጥር ቁጥርህን የሚያውቅ ሰው አለ?"

"ማንም!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"እኔ አውቀዋለሁ እኮ" አለ ሙክታር። "ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት።"

"አንተ ከየት አመጣኸው?"

"የማኅበራችሁ ሰው ሁሉ ቁጥር እሱ አይደል እንዴ! ያኔ ጠበል ጠዲቅ ጠርታችሁኝ ስትነግራቸው እኔም ተቀምጬ ነበር። እኔማ ሲነገር ሰምቼ እንዳልሰማ ልሁን?"

እውነቱን ነው። መጀመሪያ ካርድ ሲሰጠን የማኅበራችን አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ቁጥራቸውን እየረሱ ካርዳቸውን ማሽኑ ሲውጥባቸው ሰነበተ። አንዷ ማሽኑን በነጠላ ጫፍ እየዳበሰች "መልስልኝ" ብላ ስትለምን አየኋት። ስለዚህ አንድ ቀን ማኅበር ላይ ተነሥቼ "ሁላችንም የጊዮርጊስን ቀን ሁለት ጊዜ እናድርገው! ጊዮርጊስን የሚረሳ አለ?" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ቁጥር ረስቶ አያውቅም። ብልሃቴ ከኔ አልፎ እስላሙ ጓደኛዬ ድረስ መዝለቁን ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

"ቢሆንስ?" አልኩት። "የማኅበር ሰው አይሰርቀኝም። ካርዱ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው። ይሄ የቴክኖሎጂ ሌባ ነው። እሱ ሱቅ እየዞረ ከሆነ ደግሞ እኔም እግር አለኝ። ተነሥ!"

ሙክታር በዓል ካልሆነ ሱቅ አይዘጋም። ያን ቀን ዘጋ።

ጨርቃ ጨርቅ ቤቱ ስንደርስ ሻጯ ልጅ ማስቲካ እያኘከች ሰማችን።

"አሁን ቅድም በካርድ የገዛው ማን ነው?" አልኳት።

"አንዲት እናት ናቸው" አለች። "ስድስት ነጭ ፎጣ ገዙ። ነጠላ ለብሰዋል። በጣም ደስ የሚሉ ሴትዮ ናቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ።"

"ቁጥሩን ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ። እሳቸው ጮክ ብለው ነገሩኝ፤ እዚህ የነበረው ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

ደሜ ፈላ። በኔ ገንዘብ መመረቁ ሳያንስ ቁጥሬን እንደ ሰንበቴ ማስታወቂያ ጮክ ብሎ ማወጅ! "አየህ ሙክታር፣ አየህ ነቄነታቸውን! ማንም እንዳይጠረጥር እናት የምትመስል ሴት ነው የሚልኩት። ነጠላ አልብሰው!" ሙክታር "ስድስት ፎጣ ግን ሌባ ምን ያደርግለታል?" እያለ ተከተለኝ።

ገና ከበሩ ሳንርቅ ስልኬ ጢጥ አለች። አሁን ደግሞ የመዋቢያ ዕቃ የሚሸጥ ቤት ነው፤ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ። እየሮጥን ደረስን። ባለ ሱቁ ሸምገል ያለ ሰው ነው።

"አዎ፣ እትዬዋ ነበሩ" አለ። "የፂም መላጫ ብሩሽ ገዙ፤ ጥሩውን። ኮሎኝም ጨመሩ። ሽታውን በእጄ ጀርባ ላይ እያስነኩ ሦስቱን ሞክረው ነው የመረጡት።"

"ሴትዮ ናት አላልክም? ፂም አላት እንዴ?"

"ኧረ እኔ አላየሁም ወንድሜ" አለ ሰውየው ደንግጦ። "እሳቸው ግን 'ልስልስ ያለ ይሁን፤ ሰው ፊት ላይ የሚያርፍ ነው' ብለውኛል።"

እሱም "እሳቸው" ይላታል! ሌባዋን የማያከብር ሰው ፒያሳ ውስጥ አጣሁ። የተናደድኩት በገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ በስሜ የሚገዛ አንድ ሰው ሲሄድ፣ ሲመርቅ፣ ሲወደድ እኔ ከኋላ ላቤን እየጠረግሁ "ማን ነው?" እያልኩ መሮጤ አንጀቴን አሳረረው።

ከዚያ ረጅም ሰዓት ዝም አለች። እኛም ከጊዮርጊስ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ወረድን፣ ወጣን። ነጠላ የለበሰች ሴት ሁሉ ሌባ መሰለችኝ። በጊዮርጊስ ቀን ደግሞ ነጠላ ያልለበሰች ሴት ፒያሳ ውስጥ ማን አለች? አንዷን ከኋላዋ ደርሼ "ይቅርታ እናቴ፣ ፎጣ ይዘዋል?" ስላት "አንተ ባለጌ!" ብላ ጃንጥላዋን አነሳችብኝ። ሙክታር አስታረቀን።

አሥር ሰዓት ሲል ስልኬ እንደገና ጢጥ አለች። መስታወት ቤት። የገንዘቡን መጠን አየሁ፤ ሂሳቤ ላይ የቀረው ቀብዱን ለጥቂት ነው የሚሞላው። አንዲት ጢጥ ከጨመረች አለቀልኝ።

መስታወት ቤቱ ስንደርስ ልጆቹ ወለሉን እየጠረጉ ነበር። "ትልቁን ነው የወሰዱት" አሉን። "ከወገብ በላይ የሚያሳየውን። ሁለት ወዛደር አሸክመን ወደ ድልድዩ ሰደድንላቸው። ጎበዝ ሴትዮ ናቸው፤ ከፊት ከፊት እየሄዱ መንገድ ያስለቅቁ ነበር።"

ሙክታር ቆመ። በጣቱ መቁጠር ጀመረ። "ፎጣ... ብሩሽ... ኮሎኝ... መስታወት..." ቀና ብሎ አየኝ። "ግርማ፣ ወላሂ ይቺ ሴትዮ ፀጉር ቤት ልትከፍት ነው።"

እዚህ ላይ ማሰብ የሚችል ሰው ቢሆን ቆም ይል ነበር። እኔ ግን የአራዳ ልጅ ነኝ፤ ወዲያው ገባኝ። "በኔ ገንዘብ! በኔ ገንዘብ ተፎካካሪ ሊከፈትብኝ ነው!"

በዚያች ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። አቶ ደምሴ ናቸው።

"ስማ ግርማ" አሉኝ፤ "አንዲት ሴትዮ መስታወት አሸክመው መጥተው ሱቁን ክፈትልኝ እያሉ..."

"እንዳይከፍቱላት!" ብዬ ጮህኩ። "ሌባ ናት! ምንም እንዳይቀበሏት! መጣሁ!" ስልኩን ጠረቀምኩባቸው። ሱቄን! ቀብዴን በኔው ካርድ ከፍላ ሱቄን ልትወስድብኝ ነው! ወዲያው ወደ ባንኩ ደወልኩ። ያቺው ማር ድምፅ ናት።

"ዝጊው! ሁሉንም ዝጊው! ብር የሚባል ነገር እንዳይነቃነቅ!"

"ከታገደ በኋላ ዛሬ መልሰን መክፈት አንችልም ጌታዬ። እርግጠኛ ነዎት?"

"መቶ በመቶ!"

"ታግዷል" አለች። "ሌላ የምንረዳዎት ነገር ይኖራል?"

ቁልቁል ወደ ድልድዩ እንዴት እንደሮጥን አላውቅም። ሱቋ ጋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት በሩ ላይ የተደገፈውን ትልቅ መስታወት ነው። መስታወቱ ውስጥ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ፊቱ የቀላ፣ ኮቱ ካንድ ትከሻው የወረደ አንድ እብድ ወደኔ ይመጣል። ይሄ ሰው ፀጉሩን መስተካከል አለበት ብዬ ሳስብ ራሴ መሆኔን አወቅሁ።

ከመስታወቱ አጠገብ በአቶ ደምሴ ዱካ ላይ እትዬ የሺ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ነጭ ፎጣ ተከምሯል።

"ሌባዋ የት አለች?" አልኩ ጮክ ብዬ።

እትዬ የሺ ብድግ አሉ። "የቷ ሌባ? የት ገባች? አንተ ግርሜ፣ መስታወቱን እንዳታስነካብኝ!" አሉና እጃቸውን ዘርግተው መስታወቱን ከለሉት።

ሙክታር መሳቅ ጀመረ። መጀመሪያ አፉን ያዘ፤ ከዚያ የድልድዩን ጫፍ ያዘ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ፎጣውን ቁጠረው" አለኝ እንባውን እየጠረገ። "ስድስት ካልሆነ ከምላሴ ፀጉር!"

"እትዬ" አልኩ፣ "ካርድዎን እስቲ ያሳዩኝ።"

ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። እኔም ኪሴ ያለውን አወጣሁ። ሁለቱንም ለአቶ ደምሴ ሰጠኋቸው። አቶ ደምሴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከእትዬ የሺ የተቀበልኩትን አነበቡ። "ግርማ" ይላል። ከኔ ኪስ የወጣውን አነበቡ። "የሺእመቤት" ይላል።

ጠዋት ከኤቲኤሙ ፊት ለፊት ምላሴ ስለ ሱቅ ሲሮጥ እጄ ካርድ አቀያይሯል። ቁጥሩ አንድ ነውና ማንም አላወቀ። ቀኑን ሙሉ ሌባ የተባሉት፣ እናት የሚመስሉት ሴትዮ፣ እናቴን የተኩልኝ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"እና እኔ" አሉ እትዬ የሺ ቀስ ብለው፣ "ስሰርቅህ ነው የዋልኩት?" አማተቡ። "በጊዮርጊስ ቀን?"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው!"

"ልጄ በካርድም ይገዛል ስላለችኝ እኮ ነው። ጠዋት ሱቅ ልከፍት ነው ስትለኝ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ ከሚከፍት ብዬ... የዚያች የናትህ ልጅ ሱቅ ሲከፍት እጄን አጣጥፌ ልይ? ድሮ የነበረህ መስታወት ሱቁ ሲፈርስ አብሮ ተሰበረ አላልክም?"

መስታወቱ መሰበሩን ለሳቸው መናገሬን እንኳ ረስቼዋለሁ። እሳቸው አልረሱም። እዚያው ድልድዩ አጠገብ፣ ሰው እያየኝ፣ አለቀስኩ። ማፈሬ ይሁን ደስታዬ አልለይም።

አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ግርማ፣ መልካም ነው። ግን ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል።"

የታገደው ሂሳብ ትዝ አለኝ። ወደ ባንኩ ደወልኩ።

"ክፈችው የኔ እመቤት! ሌባዋ ተገኝታለች። ማለቴ ሌባ አይደሉም።"

"ካርዱን የተጠቀሙትን ሰው ያውቋቸዋል?"

"አዎ። አሳድገውኛል።"

"ማጣራቱ ተጀምሯል ጌታዬ። በአካል መቅረብ አለብዎት፤ ዛሬ ግን አይከፈትም።"

አቶ ደምሴ ስልካቸውን አወጡ። ጫማ ወደሚሸጠው ልጅ ሊደውሉ ነው። አልተቆጣኋቸውም፤ ቃላቸው ቃል ነው፣ ጥፋቱ የኔ የምላሴ ነው። ዓይኔ ከሱቋ ላይ አልነሣ አለኝ። ከዚያ ጎረምሳ ሙዚቃ ሥር ተመልሼ፣ የሰው ወንበር ላይ ሳረጅ ታየኝ።

"ይሄ ሰውዬ የሚፈልገው ስንት ነው?" አሉ እትዬ የሺ።

"ይተውት እትዬ።"

"ያንተ ተዘጋ። የኔስ ተዘግቷል?"

የሳቸው ካርድ አሁንም አቶ ደምሴ እጅ ላይ ነበር። ገንዘቡ ምን እንደሆነ መላው ማኅበር ያውቃል። እትዬ የሺ ቤታቸው ሲነሣ ያገኙትን ካሣ ቆንጠር እያደረጉ ያስቀመጡት ለተዝካራቸው ነው። "ስሞት ለማንም ሳልከብድ" ሲሉ ሁሌ እንሰማለን።

"እትዬ፣ ያ እኮ ለተዝካርዎ ነው" አልኳቸው።

"እስቲ ቀና ብለህ እየኝ። ሞቻለሁ?"

"ኧረ ቸሩ መድኃኔ ዓለም! አልሞቱም።"

"እንግዲያው አይቸኩልም" አሉና ወደ አቶ ደምሴ ዞሩ። "እርስዎ፣ ስልኩን ያስቀምጡና ያንን ማሽን ያምጡ።"

አቶ ደምሴ ፖስ ማሽኑን ከባንኮኒው ሥር አወጡ። ካርዱን ከተቱ። ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ እንደ ደንቡ ዞር ብለው "ሚስጥር ቁጥሩን ይንኩ" አሉ።

"ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት!" አልን እኔ፣ እትዬ የሺና ሙክታር ባንድ ላይ።

ቀልድ የማያውቁት አቶ ደምሴ ያን ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ማሽኑ ወረቀቱን ሲተፋ ገና አሥራ አንድ አልሞላም ነበር።

ሂሳቤ የተከፈተው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ማር ድምፅ ያላት ልጅ ያለችበት ክፍል ድረስ ሄጄ ታሪኩን ስነግራቸው ሥራ አቁመው ነው የሰሙኝ። የእትዬ የሺን ገንዘብ በዚያው ቀን መለስኩ። እሳቸው ግን የፎጣውን፣ የብሩሹን፣ የኮሎኙንና የመስታወቱን ዋጋ ቀንሰው ነው የተቀበሉኝ። "ስጦታ በተቀባዩ ገንዘብ አይሰጥም" አሉ። ብለምን፣ ብቆጣ አልሰሙኝም።

ማኅበራችንም በቀጣዩ ወር ስለ ሚስጥር ቁጥር ተነጋገረ። እንዲህ መቀጠል እንደሌለበት ተስማማን፤ ሁሉም ሰው የየራሱን ታቦት ቀን መርጦ ቁጥሩን ቀየረ። ከዚያ ሰው ቢረሳ የሚያስታውሰው እንዲያገኝ እያንዳንዱ ተነሥቶ አዲሱን ቁጥሩን ለጉባኤው ተናገረ። እኔ ብቻ አልተናገርኩም። ሙክታር ግን እስካሁን ሊገምት እየሞከረ ነው፤ ማርያም ላይ ደርሷል።

ሱቄ አሁን ደህና ናት። የድሮ ደንበኞቼ ተመልሰዋል። መስታወቱ ግድግዳውን ሞልቶት ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ስወለውለው ያን የተንጨባረረ እብድ አስታውሰውና ለብቻዬ እስቃለሁ። እኔን የሚሸውድ አልተወለደም ማለቱንም ትቻለሁ፤ ተወልዶ ጎልማሳ ሆኖ መስታወቱ ውስጥ ቆሟል።

ስልኬ ጢጥ ስትል ልቤ ዛሬም ድንግጥ ይላል። ያላወቅሁት ግዢ ባየሁ ቁጥር ግን መጀመሪያ ወደ ባንክ አልደውልም። ወደ እትዬ የሺ ነው የምደውለው።

"እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ገዙልኝ?"